«ሚስ፣ ስሜን ጻፍሽው?»፦ ጥግ ይዞ ማየት መቼ ጥናት ይሆናል?

የጠያቂዋ ደብዳቤ ረዘም ይላል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦

«በሥነ ልቦና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን አንድ ኬጂ ግቢ ውስጥ በተፈጥሯዊ ምልከታ ልሠራው አስቤያለሁ። ለሁለት ሳምንት በእረፍት ሰዓት ጥግ ይዤ ቁጭ እላለሁ። ልጆቹ ሳያውቁ የሚያደርጉትን ሁሉ እጽፋለሁ። ዓላማዬ ቤት ውስጥ ስልክ ላይ ብዙ የሚቆዩ ልጆች የበለጠ እንደሚማቱ ማሳየት ነው። አማካሪዬ ግን ‹ይሄ ሳይንስ አይደለም፣ መጠይቅ በትኚ› አሉኝ። እኔ ደግሞ ማንም ጣልቃ ስላልገባበት ከላቦራቶሪም ከመጠይቅም የበለጠ እውነተኛ ይመስለኛል። ማን ነው ትክክል?»

ሁለታችሁም አይደላችሁም። አማካሪሽ ዘዴውን ያለ ጥፋቱ ኮነኑት። አንቺ ደግሞ የማይችለውን አሸከምሽው። ተፈጥሯዊ ምልከታ ሳይንስ ነው፤ ከመጠይቅ የማይገኝ ነገርም ያመጣል። ነገር ግን ስልክ ልጆቹን ተማቺ እንዳደረጋቸው አያሳይሽም። በሁለት ሳምንት ቀርቶ በሁለት ዓመትም አያሳይሽም።

የአማካሪሽን ነገር አስቀድሜ ልጨርስ፣ አጭር ስለሆነ። መጠይቅ የሚነግርሽ ሰው «አደርጋለሁ» ብሎ የሚያስበውን ነው። የሚያደርገው ሌላ ሊሆን ይችላል። በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዴብራ ፔፕለርና ዌንዲ ክሬግ የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ የትምህርት ቤት ግቢዎችን በካሜራ ከርቀት ቀረጹ። ልጆቹ ላይም ሽቦ አልባ ማይክሮፎን አሰሩ። ጉልበተኛ ልጅ ሌላውን ሲያጠቃ መምህር ጣልቃ የገባው ከመቶው ጊዜ በ4ቱ ብቻ ነበር። ሌሎች ልጆች ጣልቃ የገቡት በ11ዱ። አሁን መምህራኑን «ልጅ ሲመታ ስታዩ ትገላግላላችሁ?» ብለሽ መጠይቅ ብትበትኚ መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም። ያዩትን ይገላግሉ ይሆናል። ያላዩትን ግን መጠይቅ ላይ ሊጽፉት አይችሉም። የልጅ ጠብ ደግሞ አጭር ነው፤ ሚስ ዞር ብላ እስክታይ አልቋል።

አሁን ወዳንቺ። «ማንም ጣልቃ ስላልገባበት እውነተኛ ነው» ብለሻል። ተፈጥሯዊ ምልከታ ማለት ሰዎችን በለመዱት ቦታ፣ የለመዱትን ሲያደርጉ፣ ተመራማሪው ምንም ሳይቀይር፣ አስቀድሞ በተወሰነ ሥርዓት መመዝገብ ነው። ተፈጥሯዊ የሆነው ግቢው ነው። ደብተርሽ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ተፈጥሮ አይደለም። አንቺ ነሽ የጻፍሽው፤ ከመቶ ነገር አንዱን መርጠሽ፣ ስም ሰጥተሽ፣ ዘጠና ዘጠኙን ጥለሽ።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ሁለት ቃል አለው። መመልከት አለ፤ መታዘብ አለ። አንድ ሰው «ታዘብኩሽ» ካለሽ «አየሁሽ» ማለቱ አይደለም። መዘነሽ፣ ቀለልሽበት። ብዙ ጀማሪ ተማሪ ለመመልከት ገብቶ ታዝቦ ይወጣል። አንቺም ገና ሳትገቢ ማን ተማቺ እንደሆነ ወስነሻል። የዕቅድሽ ትልቁ ችግር እሱ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ልክ እንዳንቺ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ግቢው ጠባብ ነበር። አንድ ሸርተቴ፣ ሁለት ዥዋዥዌ፣ የአንደኛው ሰንሰለት የተበጠሰ። ደብተሬን ዘርግቼ አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ መጣች። ጉልበቴን ነካ አደረገችና «ሚስ፣ ስሜን ጻፍሽው?» አለችኝ። አልገባኝም። «ለምን እጽፈዋለሁ?» አልኳት። «እኔ አልረበሽኩም፣ እሱ ነው» ብላ በጣቷ ወደ ሸርተቴው አሳይታኝ ሮጠች። ያኔ በራልኝ። እዚህ አገር ደብተር ይዞ ልጆችን የሚያይ ሰው አንድ ብቻ ነው፦ የረባሽ ስም የሚመዘግብ አለቃ። ኬጂ ላይ አለቃ ባይኖርም ከታላላቆቻቸው ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ግማሹ ግቢ ጨዋ ሆነ። ግማሹ እየተንደረደረ መጥቶ ይከስ ጀመር። ያን ቀን የመዘገብኩት ክስ ብቻ ነበር። ምት አንድም አላየሁም።

ይህ የተመልካች ተጽዕኖ የሚባለው ነው። የሚታይ ሰው እንደማይታይ ሰው አይሆንም። ትንንሽ ልጆች ጥሩ ነገራቸው ቶሎ መልመዳቸው ነው። አዋቂ ግን አይለምድም፤ እንግዳ መጣ ብሎ ቤቱን ይጠርጋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ በ1950ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ ሄዳ 26 ቤተሰቦችን በየሁለት ሳምንቱ ለሁለት ሰዓት ያህል ትጎበኝ ነበር። እናትና ጨቅላ ልጅ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ለማየት ነው። ጉብኝቱ የሚካሄደው ሳሎን ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። የጋንዳ ሴቶች እንግዳ የሚቀበሉት በዚያ ሰዓት በዚያ ክፍል ነው። ስለዚህ በብዛት የታየችው እንግዳ የተቀመጠባት እናት ናት። በኋላ አሜሪካ ባልቲሞር ላይ ሌላ ጥናት ስትሠራ እያንዳንዱን ጉብኝት አራት ሰዓት አደረገችው። 26 ቤተሰብ፣ ለእያንዳንዱ 18 ጉብኝት፣ በድምሩ ለአንድ ቤተሰብ 72 ሰዓት ገደማ። ብልሃቱ ይገባሻል። አራት ሰዓት ሙሉ እንግዳ ማስተናገድ የሚችል ሰው የለም። ሻይው ያልቃል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ የሚታጠብ ልብስ አለ። እናትየው ሳትወድ በግድ ወደ ራሷ ትመለሳለች።

«እሺ፣ ታዲያ ተደብቄ ባይስ?» ትዪኝ ይሆናል። «ልጆቹ ሳያውቁ» ያልሽው ለዚህ ይመስለኛል። አይሆንም። የእንግሊዝ የሥነ ልቦና ማኅበር ደንብ ያለ ፈቃድ ማየትን የሚፈቅደው ሰው በማያውቀው ሰው እታያለሁ ብሎ በሚጠብቅበት ቦታ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ የታክሲ ሰልፍ ላይ ማን ማንን እንደሚያስቀድም ቆመሽ ብትቆጥሪ፣ ስምም ፊትም እስካልያዝሽ ድረስ፣ ብዙ የሚከራከርሽ የለም። አጥር ያለው፣ በር ላይ ዘበኛ የቆመበት ኬጂ ግን አደባባይ አይደለም። የትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግሻል። የወላጆች ፈቃድ ያስፈልግሻል። የዲፓርትመንትሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ማየት አለበት። ልጆቹ ራሳቸው ደግሞ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው፦ «እኔ እንዴት እንደምትጫወቱ ለማየት ነው የመጣሁት፣ የማንንም ስም ለሚስ አልሰጥም።» አንድ ልጅ «አትዪኝ» ካለሽ አታዪውም።

ደግሞም መደበቅ ነጻ አያወጣሽም። ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በ1954 አሜሪካ ውስጥ «ዓለም በጎርፍ ይጠፋል» የሚል አነስተኛ ቡድን ውስጥ አማኝ መስለው ሰው አስገቡ። ቡድኑ ትንሽ ስለነበረ የገቡት ተመልካቾች ቁጥር ራሱ ቀላል አልነበረም። ሰው ሲጨመር እምነቱ የሚበረታ ቡድን ውስጥ ሰው ጨምረሽ «ምንም አልነካሁም» ማለት ይከብዳል። የተደበቀ ተመልካችም ተጽዕኖ አለው፤ ልዩነቱ የእሱን ተጽዕኖ የሚጠይቀው ሰው አለመኖሩ ነው።

«የሚያደርጉትን ሁሉ እጽፋለሁ» ማለትሽስ? አትችይም። ማንም አይችልም። ሮጀር ባርከርና ኸርበርት ራይት ይህን ከልባቸው ሞክረውታል። በ1949 ሚያዝያ ወር ካንሳስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከእንቅልፉ ከነቃበት ተነሥቶ እስኪተኛ ድረስ ተከተሉት። ስምንት ተመልካቾች እየተፈራረቁ። የአንድ ልጅ አንድ ቀን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ወጣው። አንቺ ብቻሽን ነሽ፤ ልጆቹ ስልሳ ናቸው፤ ያለሽ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት እረፍት ነው።

ሁሉን እጽፋለሁ ያለ ሰው የሚጽፈው የጮኸውን ነው። ዓይን ወደ ጩኸት ይሄዳል። ዝም ብሎ ሌላውን ቆንጥጦ የሚሄደው ልጅ ደብተርሽ ላይ አይገባም፤ በትንሽ ነገር የሚጮኸው ግን በየገጹ አለ። ኬንያ ውስጥ ዝንጀሮዎችን ያጠናችው ጄን አልትማን በ1974 ባወጣችው ጽሑፍ ይህን በደንብ አስረድታለች። ያየሁትን ሁሉ ልጻፍ የሚለው አካሄድ ሐሳብ ለማመንጨት ይጠቅማል፤ ለመቁጠር አይሆንም። ለመቁጠር ማንን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንደምታዪ ከመግባትሽ በፊት መወሰን አለብሽ። ጽሑፉ ስለ ዝንጀሮ ነው ብለሽ እንዳትንቂው፤ የኬጂ ጥናት የሚሠሩ ሰዎችም የሚከተሉት እሱን ነው።

ቀጥሎ፣ «መማታት» ያልሽው ምንድን ነው? ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጥናት የሚፈርሰው ግን እዚህ ላይ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች ተያይዘው መሬት ላይ ይንከባለላሉ። አንዱ ሌላውን በጥፊ ይለዋል። ጠብ ነው? አማርኛ ደግነቱ «ልፊያ» የሚል ቃል አለው። ልፊያ ሌላ፣ ጠብ ሌላ። እናቶቻችን «ተዉ፣ ልፊያ መጨረሻው ጠብ ነው» ሲሉ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ኒኮላስ ብለርተን ጆንስ በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ልክ እንስሳ እንደሚያጠና ሰው ቁጭ ብሎ አያቸው። ልፊያ ሲሆን ይስቃሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው ይሰነዝራሉ። ጠብ ሲሆን ፊት ይኮሳተራል፣ ዓይን ይፈጥጣል፣ ብዙውን ጊዜም መሐል ላይ የሚጎተት ዕቃ አለ። እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ሲያበቃ እዪ። ከልፊያ በኋላ አብረው ይቆያሉ። ከጠብ በኋላ አንዱ ጥሎ ይሄዳል ወይም ያለቅሳል። ይህን በጽሑፍ ካላስቀመጥሽ ለወንዶቹ ጠብ፣ ለሴቶቹ ጨዋታ ብለሽ ትመዘግቢያለሽ። ሳይታወቅሽ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሁለት ሳምንት ብዙ ይመስልሻል። አሥር የትምህርት ቀን ነው። በቀን 30 ደቂቃ ሲሆን 300 ደቂቃ። ሃያ ልጆችን ብቻ መርጠሽ አንድ በአንድ ብታዪ ለአንዱ የሚደርሰው 15 ደቂቃ ነው። አንድ ልጅ በአማካይ በሰዓት አንዴ ይጣላል እንበል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ምንም ሳታዪበት የሚያልፍበት ዕድል ከመቶ 78 ገደማ ነው። እንግዲህ ሃያዎቹ ልጆች እኩል ተጣዪ ቢሆኑ እንኳ 15ቱ ወይ 16ቱ ዜሮ ያገኛሉ። አራት አምስቱ ደግሞ «ተደባዳቢ» ተብለው ይወጣሉ። በዕድል ብቻ! ከዚያ አንቺ የእነዚህን አራት ልጆች እናቶች ስለ ስልክ ትጠይቂያለሽ። ይህ ቁጥር ቴሲስሽን ብቻ ሳይሆን ልጆቹንም ይጎዳል፤ ስም ይወጣላቸዋል።

ሁለተኛ ተመልካች ያስፈልግሻል። ይህ እንደ ምርጫ የሚታይ አይደለም። ብቻሽን ያየሽው ነገር ያንቺ ይሁን የልጆቹ ማንም ሊለይ አይችልም። «ጓደኛዬም አይታለች፣ ከመቶ 92 ተስማምተናል» ማለትም አይበቃም። ለምን? ሁለታችሁ 100 ደቂቃ አያችሁ እንበል። በ90ው ሁለታችሁም «ጠብ የለም» አላችሁ። በ2ቱ ሁለታችሁም «አለ» አላችሁ። በ4ቱ አንቺ ብቻ፣ በሌላ 4ቱ እሷ ብቻ «አለ» አላችሁ። ስምምነቱ 92 ከመቶ ነው፤ ያምራል። ነገር ግን ጠብ ብርቅ ስለሆነ በጭፍኑ ስትጽፉም በአብዛኛው ትገጥማላችሁ። በአጋጣሚ ብቻ የሚጠበቀው ስምምነት ወደ 89 ከመቶ ይጠጋል። ጄኮብ ኮኸን በ1960 ያወጣው ካፓ የሚባለው መለኪያ ይህን አጋጣሚ ይቀንሳል። በዚህ ምሳሌ ካፓው 0.29 ብቻ ነው። ቢያንስ 0.6፣ ቢቻል ከ0.7 በላይ ያስፈልግሻል። ካላመንሽኝ እንደገና እዪው፤ ቢያንስ አንዳችሁ «ጠብ አለ» ካላችሁባቸው 10 ደቂቃዎች የተገናኛችሁት በ2ቱ ብቻ ነው።

ወደ መታዘቡ ልመለስ። በ1963 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኮርዳሮና አይሰን፣ ተማሪዎችን ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ጠፍጣፋ ትሎች እንዲቆጥሩ አደረጉ። ትሎቹ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፉና እንደሚኮማተሩ ነው የሚቆጠረው። ለአንዳንዱ ተማሪ «ብዙ ታያለህ» ተባለ፤ ለሌላው «ጥቂት ነው»። ብዙ የጠበቁት እጅግ ብዙ ቆጠሩ። ትል ነው እንግዲህ! ወዳጅ የለው፣ ጠላት የለው። አንቺ ደግሞ የምትቆጥሪው ሕፃናትን ነው፤ የማን እናት ስልክ እንደምትሰጥ እያወቅሽ። ስለዚህ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ፦ ስለ ቤት የሚጠይቅ ማንኛውም ነገር ምልከታው ካለቀ በኋላ ይሰብሰብ። ሁለተኛዋ ተመልካች የጥናቱን መላምት ጭራሽ አትወቅ።

እንበልና ይህን ሁሉ አደረግሽ። ስልክ ላይ ብዙ የሚቆዩት ልጆች በእርግጥም ብዙ ሲጣሉ አየሽ። ምክንያቱ ስልክ ነው? አታውቂም። አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያድግ ልጅ መሮጫ የለውም። ጎረቤት እንዳይረበሽ ስልክ ይሰጠዋል። ጠዋት ኬጂ ግቢ ሲደርስ ይፈነዳል። ስልኩም ጠቡም የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከጥበቱ። ወይም ነገሩ የተገለበጠ ነው። ልጁ ከመጀመሪያው አስቸጋሪ ስለሆነ እናቱ ትንፋሽ ልታገኝ ስልክ ትሰጠዋለች። ምልከታ እነዚህን አይለይም። ጥሩ አድርገሽ ስላየሽ የሚፈታ ነገርም አይደለም።

ከእንስሳት ጥናት የምወደው ምሳሌ ከእኛው አገር ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮዎች ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መሐል ገብተው ሲያድኑ ይታያሉ። ጭላዳ ሣር ነው የሚበላው፤ ቀበሮው ደግሞ የሜዳ አይጥ ይፈልጋል። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በ2015 ያሳተሙት ቆጠራ እንዳሳየው ቀበሮው ጭላዳዎች መሐል ሆኖ ሲሞክር ከመቶ 67 ጊዜ ያህል ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን 25 ጊዜ። ደስ የሚል ግኝት ነው። ይህን በመጠይቅም በላቦራቶሪም አታገኚውም። ለምን እንደሆነ ግን ቆጠራው ብቻውን አይናገርም። ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጧቸው ይሆናል። ወይም አይጦቹ በጭላዳ መንጋ መሐል ቀበሮውን አይለዩትም ይሆናል። ተመራማሪዎቹም አንዱን መርጠው አልማሉም። አንቺም ከስልኩ ጋር እንደዚያ ሁኚ።

ምክንያት ማወቅ ከፈለግሽ ሌላ መንገድ አለ፤ ስሙም ሌላ ነው። በ1969 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ፒሊያቪንና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ ሰው እንዲወድቅ አደረጉ። አንዳንዴ ምርኩዝ የያዘ፣ አንዳንዴ የሰከረ መስሎ። ማን እንደሚረዳው ቆጠሩ። ቦታው የለመዱት ባቡር ስለሆነ ብዙ ተማሪ ይህን ተፈጥሯዊ ምልከታ ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። የወደቀው ሰው የተላከ ነው፤ ስለዚህ የመስክ ሙከራ ነው። ኤንስዎርዝ ደግሞ ሌላ አደረገች። ኡጋንዳ ያሉት ሕፃናት እናታቸውን እንደ መነሻ ይዘው እየሄዱ ሲመለሱ ቤታቸው ውስጥ በግልጽ ይታይ ነበር። የባልቲሞር ሕፃናት የእናታቸውን መውጣት መግባት ስለለመዱት ቤት ውስጥ ያን ያህል አልታየም። ስለዚህ እንግዳ ክፍል አዘጋጅታ፣ እናትየዋን አስወጥታ፣ መልሳ አስገብታ አየች። ክፍሉ ሰው ሠራሽ ነው፤ ሐሳቡ ግን የመጣው ቤት ውስጥ ከታየው ነው። ምልከታ ጥያቄ ይወልዳል፤ ሌላ ዘዴ ይፈትነዋል።

አንድ ኬጂ ማየት ሁሉንም ኬጂ ማየት አለመሆኑን ታውቂያለሽ ብዬ አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ሃርትና ሪስሊ በ1995 ያወጡት የአሜሪካ ጥናት 42 ቤተሰቦችን በወር አንድ ሰዓት እየቀረጸ የድሃ ልጅ የሚሰማው ቃል ከሀብታም ልጅ በ30 ሚሊዮን ያንሳል የሚል ቁጥር ወለደ። ያ ቁጥር ዓለም ዞረ። ከ42ቱ መሐል የመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉት ድሆች ስድስት ቤተሰብ ነበሩ። ስድስት! ቁጥሩም ከወርሃዊዋ አንድ ሰዓት ተባዝቶ የተገኘ ነው። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ልዩነቱን በዚያ መልኩ አላገኘውም። ድሃ ሰው ቤቱ ውስጥ የተማረ እንግዳ ደብተርና ቴፕ ይዞ ሲቀመጥበት ምን ያህል እንደሚያወራ አንቺም ገምቺ።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልሽ፣ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። ስልኩን ከዚህ ቴሲስ አውጪው። ጥያቄሽን እንዲህ ቀይሪው፦ በእረፍት ሰዓት ጠብ የሚነሣው በምን ላይ ነው፣ ማን ጣልቃ ይገባል፣ እንዴትስ ያበቃል? ይህን ተፈጥሯዊ ምልከታ ከማንኛውም ዘዴ በላይ ይመልስልሻል። የምትቆጥሪው ልጅ ሳይሆን ጠብ ይሆናል፤ ስለዚህ ያ የ15 ደቂቃ ችግር ይቀላል፤ ማንም ልጅ «ተደባዳቢ» ተብሎ አይወጣም።

ግቢውን አራት ቦታ ክፈዪው፦ ሸርተቴው ጋ፣ ዥዋዥዌው ጋ፣ ቧንቧው ጋ፣ ባዶው ሜዳ። ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ደቂቃ ስጪ፤ ተራውን በየቀኑ በዕጣ ቀይሪ። የሸርተቴው ተራ ሲሆን ዥዋዥዌው ጋ ጩኸት ቢነሣም አትዙሪ። ከባድ ነው፣ ግን እሱ ነው ሥራው። አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጂ። ሰዓት፣ ቦታ፣ በምን ተነሣ፣ ማን ገባ (ሚስ፣ ሞግዚት፣ ሌላ ልጅ፣ ማንም)፣ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ እንዴት አለቀ። ልፊያና ጠብን የምትለዪበትን ምልክት ከቅጹ ጀርባ ጻፊ። ስም አትጻፊ። ሁለት ሳምንቱን አራት አድርጊው። ሁለተኛዋ ተመልካች ቢያንስ ከአምስት ቀን አንዱን አብራሽ ትይ፣ ሳትነጋገሩ።

ቪዲዮ አልመክርሽም። ትክክለኛነቱ ይጨምራል፣ አውቃለሁ። ግን የሰው ልጆች ምስል ስልክሽ ላይ ይዘሽ ታክሲ ውስጥ መሳፈር ሌላ ጣጣ ነው። ፈቃድ የሚሰጡሽ ወላጆችም በግማሽ ይቀንሳሉ ብዬ እገምታለሁ።

ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት መቼ ተመልካችነትሽን እንደምታቆሚ ወስኚ። ልጅ ሊጎዳ ሲል «ጣልቃ አልገባም» ብሎ መጻፍ የለም። ብዕርሽን ጣዪና ተነሺ፤ ያ ጠብ ከዳታው ይወጣል፣ አለቀ። ሚስ ልጅ ስትመታ ብታዪስ? ለማን እንደምትናገሪ ከትምህርት ቤቱ ጋር በፈቃዱ ደብዳቤ ላይ ተስማሚ። እዚያው ግቢ ቆመሽ የምታስቢው ነገር አይደለም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ደብተርሽን ይዘሽ ተቀመጪ፣ ጻፊ፣ ግን አትቁጠሪው። በቅጹ ተለማመጂበት፣ ካፓውን አውጪበት። 0.6 ካልደረሰ የልፊያና የጠብ ምልክቶቹን ከጓደኛሽ ጋር አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ። ልጆቹም በዚያ ሳምንት እየመጡ ስማቸውን ይጠይቁሻል። ቅጹን አሳዪያቸው፤ ስም የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለው ይዩት። ሁለት ቀን በተከታታይ ማንም መጥቶ ካልጠየቀሽ በሦስተኛው ቀን ቆጠራውን ጀምሪ።